«በእጃችን ያለውን ወርቅ ሌላ ሰው እየመዘነልን ነው»

(ከዚህ በታች የምታነቡት አንድ ሠዓሊ በቅርቡ ለጥቂት የኪነ ጥበብ ወዳጆች ያደረጉት ንግግር ነው። ጋባዦቻቸው የሰጧቸው ርዕስ «ሰሞኑን ምን ትሰማለህ? ምን ታያለህ? በምንስ ትጫወታለህ?» የሚል ነበር። ከተቀዳው ድምፅ ስንገለብጠው የአነጋገሩ ለዛ እንዳይጠፋ ብለን ብዙ አልነካካነውም። ንዑስ ርዕሶቹ የእኛ ናቸው። ተናጋሪው «ነገሬን እንጂ ስሜን አታትሙ» ስላሉን ስማቸውን ትተነዋል። - የዝግጅት ክፍሉ)



መቼም ሠዓሊን ንግግር አድርግ ማለት ዓሣን ዛፍ ውጣ እንደማለት ነው። እኛ የሚያምርብን ዝም ብለን ስንሠራ ነው። ግን የሰጣችሁኝ ርዕስ ቀላል ስለመሰለኝ እሺ አልኩ። «ሰሞኑን የምትወደውን ንገረን» ነው ያላችሁኝ። የሚወዱትን መናገር ምን ይከብዳል? ደግሞም በዚህ አገር ብዙ ነገር በትእዛዝ ሲሆን አይተናል። ሰልፍ በትእዛዝ ይወጣል፣ ጭብጨባም በትእዛዝ ይጨበጨባል። በትእዛዝ የማይሆን አንድ ነገር ቢኖር መውደድ ነው። ሰው ማታ በሩን ዘግቶ የሚሰማውን ዘፈን ማንም መርጦ ሊሰጠው አይችልም።

ታዲያ የምወዳቸውን አንድ ባንድ ሳስብ አንድ ነገር ከነከነኝ። ዘፈኑም፣ ፊልሙም፣ ጨዋታውም ከጥቂቱ በቀር የራሳችን ነው። ያቆየልን፣ ያሳተመልን፣ የመዘገበልን ግን በአብዛኛው ሌላ ሰው ነው። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ይላል ያገራችን ሰው። እኛ መዳብ ነው ብለን ያስቀመጥነውን ሌላው አንስቶ መዝኖ ወርቅ ነው ሲለን «እንዴ! ለካ ወርቅ ነበር» እንላለን። የዛሬው ወሬዬ ይኸው ነው።

የመነኩሲቷ ፒያኖ

ጠዋት ጠዋት ቀለም ሳዋህድ የምሰማው እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ነው። የዘፈን ቃል ያለበት ነገር ስሰማ እጄ ቃሉን መከተል ይጀምራል። የእማሆይ ፒያኖ ቃል የለውም። በግራ እጃቸው እንደ ምንጭ ውኃ ቀስ እያለ የሚፈስ ነገር ይዘው፣ በቀኝ እጃቸው ዜማውን እየጀመሩ ይተዉታል፤ ተመልሰው ደግሞ ያነሱታል። የአውሮፓ ሙዚቃ ነው ስትሉ ቅኝቱ ያገራችን ይሆናል። ያገራችን ነው ስትሉ ደግሞ የሆነ ቦታ ላይ ሾፓንን የምትሰሙ ይመስላችኋል። ቸኩሎ የሚሠራ ሰው አብሮት ሊሠራ አይችልም። እኔን ከችኮላ የሚያድነኝ እሱ ነው።

ታሪካቸውንማ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። በ1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተወለዱ። ገና በስድስት ዓመታቸው ከእህታቸው ጋር ለትምህርት ስዊዘርላንድ ተላኩ፤ ቫዮሊን የጀመሩት እዚያ ነው። ጣሊያን አገራችንን ሲወር ከቤተሰባቸው ጋር ተግዘው አዚናራ ደሴት ታሰሩ። ከነፃነት በኋላ ካይሮ ሄደው ተማሩ። ለንደን ሄደው የመማር ዕድል መጣላቸው፤ ፈቃድ ተከለከሉ። እሳቸውም ዓለምን ትተው ግሸን ማርያም ገዳም ገቡ፣ መነኮሱ።

እስኪ ልብ በሉልኝ። አንዲት ፈቃድ የተከለከለች ልጃገረድ! ያቺ ወረቀት ብትፈረም ኖሮ ምን ይሆን ነበር እያልኩ አስባለሁ። ምናልባት ሙዚቃቸው ሌላ ይሆን ነበር። ምናልባትም ይኼን ያህል አይጥመኝም ነበር። ያም ሆነ ይህ ሸክላቸው መጀመሪያ የታተመው በ1960 ዓ.ም. አካባቢ ጀርመን አገር ነው። ገቢውም ለወላጅ አልባ ሕፃናት ነበር። ዓለም ሁሉ ያወቃቸው ደግሞ በ1998 ዓ.ም. ገደማ «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ የሲዲ እትም 21ኛው ቅጽ ላይ ፈረንሳይ አገር ሲወጡ ነው። መጋቢት 2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው ያረፉት ለብዙ ዓመት በገዳም በኖሩባት በኢየሩሳሌም ነው። የተማሩት ውጭ፣ የታሰሩት ውጭ፣ የታተሙት ውጭ፣ ያረፉትም ውጭ። ዜማው ግን የእኛ።

ሳክስፎን ሲሸልል

ከሰዓት በኋላ ድካም ሲመጣብኝ ጋሽ ጌታቸው መኩሪያን እከፍታለሁ። ሽለላና ፉከራን ከጀግና አፍ ወስደው በሳክስፎን ያስጮኹ ሰው ናቸው። መጀመሪያ ክራርና መሰንቆ ነክተዋል፤ በኋላ በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ባንድ ገቡ። መሣሪያው የፈረንጅ፣ ትንፋሹ ግን የይፋት። ፎካሪ ሲፎክር ድምፁ እንደሚሻክር፣ ቃሉን እንደሚቆርጥ፣ መሬት በእግሩ እንደሚመታ ሁሉ ሳክስፎኑም እንደዚያ ያደርጋል። ስሰማው ሸራው ፊት ቁጭ ብዬ መሥራት ያቅተኛል፤ ቆሜ ነው የምሥላው።

እሳቸውንስ በስተርጅና ማን መድረክ ላይ አወጣቸው ብትሉ፣ «ዘ ኤክስ» የሚባሉ የሆላንድ ሮከሮች ናቸው። አዲስ አበባ መጡ፣ ሰሙ፣ ተማረኩ። «ሞዓ አንበሳ» የተባለውን አልበም በ1998 ዓ.ም. አብረው ሠሩና አውሮፓን አዞሯቸው። እንደ ልጆቻቸው የሚሆኑ ሆላንዶች ከኋላ ጊታር እየመቱ፣ እሳቸው ካባ ለብሰው ከፊት ሲፎክሩ አስቡት! በመጋቢት 2008 ዓ.ም. አረፉ። እዚህ አገር እሳቸውን በሠርግና በሆቴል እንጂ እንደ ሊቅ ቁጭ ብሎ የሰማቸው ስንት ነው?

ታክሲ ውስጥ የተደበቀ ሰው

ሌላው የሰሞኑ ወዳጄ ኃይሉ መርጊያ ነው። የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች። ዋልያሶች በ1974 ዓ.ም. ገደማ አሜሪካ ለሥራ ሲሄዱ ከፊሎቹ እዚያው ቀሩ። ኃይሉም ቀረ። በ1977 ዓ.ም. አኮርዲዮንና ኪቦርድ ይዞ ብቻውን አንድ ካሴት ቀረጸ፤ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመት ዋሽንግተን ላይ ታክሲ ነጂ ሆኖ ኖረ። ኤርፖርት ወረፋ ሲጠብቅ ኪቦርዱን ከታክሲው ኋላ አውጥቶ ይለማመድ ነበር። ተሳፋሪው ሲመጣ ኪቦርዱን አስቀምጦ መሪውን ይይዛል።

አንድ ብራያን ሺምኮቪትዝ የሚባል አሜሪካዊ የካሴት ወዳጅ ባሕር ዳር ሲዘዋወር ያንን ካሴት አገኘ። ገዛው፣ ሰማው፣ ባለቤቱን አፈላልጎ አገኘውና በ2005 ዓ.ም. እንደገና አሳተመው። ኃይሉም ከታክሲው ወርዶ ወደ መድረክ ተመለሰ፤ በ2010 ዓ.ም. «ላላ በሉ» የተባለ አዲስ አልበም አወጣ።

እኔን የሚገርመኝ አሜሪካዊው ማግኘቱ አይደለም። ካሴቱ የት ተገኘ? ባሕር ዳር! ስንቶቻችን ባሕር ዳር ሄደናል? ስንቶቻችን በዚያ ካሴት አጠገብ አልፈናል? አሜሪካዊው ጠንቋይ ሆኖ አይደለም ያገኘው። ጠይቆ ነው። «ይኼን የተጫወተው ማነው? ዛሬ የት ነው?» ብሎ። ይህቺን ጥያቄ ለመጠየቅ ደግሞ ዶላርም ቪዛም አያስፈልግም።

ፈቃድ ያልጠየቀው ሰው

ሁሉን ፈረንጅ አቆየው ካልኩ ግን ውሸት ይሆንብኛል። ፈረንጁ ያሳተመውን መጀመሪያ የቀረጸ ሐበሻ ነበር። አቶ አምሃ እሸቴን ማለቴ ነው። በጃንሆይ ዘመን ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት በንጉሡ ትእዛዝ ለአገር ፍቅር ብቻ የተሰጠ ነበር። ማኅበሩ ደግሞ ዘመናዊውን ዘፈን አያሳትምም። ወጣቱ ማታ ማታ በየክበቡ የሚጨፍርበት ሙዚቃ ሌሊቱ ሲነጋ እንደ ጤዛ ይተናል። አምሃ እሸቴ በ1961 ዓ.ም. «የመጣው ይምጣ» ብሎ የራሱን ማሳተሚያ አቋቋመ። መታሰር እንደሚኖር ያውቃል። የመጀመሪያውን የአለማየሁ እሸቴን ሸክላ ውጭ አገር አስትሞ አስገባ። ምን ተፈጠረ? ሕዝቡ ተሻማው። የከለከሉትም ዝም አሉ።

በስድስት ዓመት ገደማ ውስጥ ከመቶ በላይ ሸክላ አወጣ። ዛሬ ዓለም «የኢትዮጵያ ወርቃማ ዘመን» እያለ የሚያወራለት ሙዚቃ ትልቁ ክፍል ያ ነው። ደርግ መጣና ሌሊቱን ሰዓት እላፊ ዘጋው፤ አቶ አምሃም በ1967 ዓ.ም. አገር ጥለው ሄዱ። ፍራንሲስ ፋልሴቶ የሚባለው ፈረንሳዊ የማሕሙድ አህመድን ሸክላ ሰምቶ ልቡ ተሰርቆ አዲስ አበባ ድረስ ባይመጣ፣ በ1990 ዓ.ም. ገደማም «ኢትዮፒክስ»ን ባይጀምር ኖሮ ያ ሁሉ ሸክላ በየሰዉ ጓዳ አቧራ ይበላው ነበር። የሙላቱ አስታጥቄ ሙዚቃ በ1997 ዓ.ም. በጂም ጃርሙሽ የአሜሪካ ፊልም ውስጥ ገብቶ ዓለምን ያዳረሰውም በዚሁ መንገድ ነው። አቶ አምሃ በ2013 ዓ.ም. አረፉ። በስማቸው የተሰየመ ጎዳና አላየሁም።

እኔ የምለው፣ አንድ ሰው የማሳተም መብት የእኔ ብቻ ነው ሲል ምን ይሆናል? እሱም አያሳትመው፣ ሌላውም አያሳትመው። ይኼ በሸክላም፣ በጋዜጣም፣ በቴሌቪዥንም ያየነው ነገር ነው። የምንወደውን ያቆየልን ፈቃድ የተሰጠው ሰው አይደለም። ሳይፈቀድለት የወደደው ሰው ነው።

ከወጣቶቹስ ማንን ትሰማለህ ትሉኝ ይሆናል። ሮፍናንን እሰማለሁ። በ2010 ዓ.ም. ያወጣውን «ነፀብራቅ»ን ልጆች እየጨፈሩበት ሳይ እኔ ቁጭ ብዬ ሰማሁት። ኮምፒዩተሩ ውስጥ የአገር ቤት ድምፅ ከቶ፣ የአገር ቤት ድምፁ እንዳይሸማቀቅ አድርጎ የሚሠራ ልጅ ነው። ጋሽ ጌታቸው በሳክስፎን ያደረጉትን እሱ በኮምፒዩተር እያደረገው ነው።

እረኛ ምን አለ?

ወደ ቴሌቪዥን ልሂድ። ቴሌቪዥን አገራችን የገባው በ1957 ዓ.ም. ነው። ለብዙ ዘመን አንድ ጣቢያ ብቻ ስለነበረን ምርጫችን ማየት ወይም ማጥፋት ነበር። ዛሬ ጣቢያው ብዙ ነው። ችግሩ ሪሞቱን ይዘህ ስትዞር አንዱ ጣቢያ የተወው ወሬ ሌላው ጋ ይጠብቅሃል።

ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. የቱርክን ድራማ በአማርኛ እየመለሰ ማቅረብ ሲጀምር የኪነ ጥበቡ ሰፈር ተረበሸ። «ባህላችን ጠፋ፣ እንጀራችን ተወሰደ» ተባለ። እውነት ነው፣ ባልደረቦቼ ተጎድተዋል። እኔ ግን ተመልካቹን ልወቅሰው አልችልም። «ጥቁር ፍቅር» ሲጀምር ስልክ የማታነሳ እናት ስንት ነበረች! ቱርኮቹ አስገድደው አላሳዩንም። ሥራቸውን በጥራት ሠርተው፣ በሥርዓት አስቀምጠው፣ ውል ተዋውለው ሸጡልን። የእኛ የድሮ ድራማ ዛሬ ማየት ቢያምራችሁ የት ነው የምትሄዱት? ዩቲዩብ ላይ አንድ የማታውቁት ደግ ሰው ከቪዲዮ ካሴት ገልብጦ የጫነው ደብዛዛ ቅጂ ነው የሚጠብቃችሁ። ፊት አይለይም። የተዋናዮቹም የደራሲውም ስም ተቆርጧል። እሱም ባይኖር ግን ምንም አይኖርም ነበር።

ከአገር ቤት ድራማ ደጋግሜ የማየው በ2014 ዓ.ም. በአርትስ ቴሌቪዥን የታየውን «እረኛዬ»ን ነው። ቅድስት ይልማ ያዘጋጀችው። ብዙው ድራማችን ሳሎን ውስጥ ሶፋ ላይ ተቀምጦ «ለምን እንደዚህ አደረግሽኝ?» ሲባባል የሚያልቅ ነው። «እረኛዬ» ከሶፋው ተነሥቶ ገጠር ወረደ። እኔ ሠዓሊ ነኝና መጀመሪያ የማየው ብርሃኑን ነው፤ ጠዋቱ ጠዋት፣ ምሽቱ ምሽት ይመስላል። አነጋገሩም የሰው አነጋገር ነው፤ ዝምታም ያውቃል።

ርዕሱም ደስ ይለኛል። በጥንት ጊዜ ንጉሥም ሆነ ባላባት የሕዝቡን ልብ ማወቅ ሲፈልግ «እረኛ ምን አለ?» ብሎ ይጠይቅ ነበር ይባላል። እረኛ ከብት እየጠበቀ የሚያንጎራጉረው ነገር የአገሩን ስሜት ይነግራል። እረኛ ደግሞ የሚፈራው ሹመት ስለሌለው ይዋሻል ተብሎ አይጠረጠርም። የዛሬዎቹ ንጉሦች ይኼን ጥያቄ ረስተውታል። እረኛ ምን አለ ከማለት ይልቅ «እረኛ ይኼን በል» ማለት ይቀናቸዋል። ሕዝቡ የሚወደውን ድራማና ዘፈን ቢያዩ ብቻ እኮ ስንት ነገር ይማሩ ነበር!

ከፊልም የኃይሌ ገሪማን «ጤዛ» በዚህ ዓመት ለሦስተኛ ጊዜ አየሁት። ከአብዮቱ በፊት ለትምህርት ወጥቶ፣ ተምሮ ሊያገለግል የመጣ ሰው በአብዮቱ መንጋጋ ሲታኘክ የሚያሳይ ነው። በ2001 ዓ.ም. ዋጋዱጉ ላይ የፌስፓኮን ትልቁን ሽልማት ወስዷል። ከፊልሙም በላይ የሚገርመኝ የሰውየው ግትርነት ነው። የባርነትን ታሪክ የሚያሳየውን «ሳንኮፋ»ን በ1985 ዓ.ም. ሲጨርስ የአሜሪካ አከፋፋዮች አንፈልግም አሉት። እሱ ምን አደረገ? ሲኒማ ቤት እየተከራየ፣ ከከተማ ከተማ ፊልሙን ተሸክሞ እየዞረ ለጥቁር ሕዝብ ራሱ አሳየ። ሕዝቡም ተሰልፎ አየለት። ይኼም አምሃ እሸቴ ነው፤ መሣሪያው ብቻ ነው የተለወጠው።

ያለ ተራ የሚጀመር ጨዋታ

አሁን ወደ ጨዋታ። ሠዓሊ ብዙ ገንዘብ ስለሌለው መዝናኛው ርካሽ መሆን አለበት። በቆርኪ የሚጫወቱት ዳማ ዋጋው ስንት ነው? ያንተ ቆርኪዎች ደረታቸውን ይሰጣሉ፣ የእኔዎቹ ጀርባቸውን፤ አለቀ። ገበጣም እንደዚያው ነው። መሬት ቆፍሮ ጠጠር መልቀም ነው። ከአንዱ ጉድጓድ ያለውን ታፍሳለህ፣ ወደፊት አንዳንድ እያልክ ትዘራለህ፣ የተራረፈውን ትቆጥራለህ። ቀላል ይመስላል እንጂ ሒሳብ ነው። ሪቻርድ ፓንክረስት የገበጣንና የመሰሎቹን ጨዋታ ዓይነት ከኢትዮጵያና ከአካባቢዋ ሰብስቦ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1971 ሲያሳትም ከመቶ በላይ ሆኖ አገኘው። ከመቶ በላይ! ዛሬ ከእናንተ መካከል አንዱን ብቻ የሚያውቅ እጁን ያውጣ ብል ስንት እጅ አያለሁ?

ሰሞኑን የያዘኝ ግን ሰንጠረዥ ነው፤ ቼዝ የምንለው። የምጫወተው በፈረንጁ ሕግ ነው፤ የማነበው ግን ስለ ጥንቱ የአገራችን ሰንጠረዥ ነው። ይኼንንም የጻፉልን እነ ፓንክረስት ናቸው። አፄ ልብነ ድንግል ቢቺኒ ከሚባል የቬኒስ ሠዓሊ ጋር ሰንጠረዥ ይጫወቱ እንደነበር ተጽፏል። ልብ አድርጉልኝ፣ ከሠዓሊ ጋር! ዛሬ ሠዓሊ ከሹም ጋር ቢቀመጥ ቢበዛ ለፎቶግራፍ ነው።

የአገራችን ሰንጠረዥ አጀማመሩ ከዓለሙ ሁሉ የተለየ ነበር። መጀመሪያ ላይ ተራ የሚባል ነገር የለም። ሁለቱም ተጫዋቾች ባንድ ጊዜ፣ እንዳሻቸው፣ በፍጥነት ጠጠራቸውን ያንቀሳቅሳሉ። አንዱ የሌላውን ያያል፣ አሰላለፉን ይለውጣል። ይኼ «ወረራ» ይባላል። የመጀመሪያዋ ጠጠር ስትበላ ወረራው ያበቃና ከዚያ በኋላ በተራ በተራ ይሆናል። አጨራረሱም ወግ አለው። ንጉሡን በብርቱ ጠጠር፣ በደር ወይም በፈረስ ብቻ መማረክ ብዙም አያስመሰግንም። በደካሞቹ፣ በፊልና በመደቅ አስሮ መያዝ ነው ክብሩ። ተመልካቹም ዝም ብሎ አያይም፤ እየጮኸ ይመክራል፣ ይተቻል፣ ያሾፋል። የጥንት ተጓዦች ይኼን አይተው ተገርመው ጽፈዋል።

እኔ ይኼን ሳነብ ለብቻዬ ሳቅሁ። አገሬን በደንብ አውቃታለሁና! ተራ ሳንጠብቅ ባንድ ጊዜ መውረር፣ ደም ካየን በኋላ ሥርዓት ማሰብ፣ ዳር ቆሞ የሚጮኸው ከሚጫወተው መብዛቱ... ግን ያን የአጨራረስ ወግ አትርሱብኝ። በጉልበተኛ ያሸነፈ አይመሰገንም ነበር። አባቶቻችን ለጨዋታ እንኳ ይኼን ያህል ሥርዓት ነበራቸው። ሰንጠረዣችን ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. እስኪወረን ድረስ በመኳንንቱ ቤት ይኖር ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ጠፋ። ዛሬ ሕጉን ማወቅ የፈለገ ሰው ባዕድ ሰው የጻፈውን ገልጦ ማንበብ ነው ያለው።

ታዲያ ምን እናድርግ?

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ባዕድን ለመክሰስ አልመጣሁም። ፋልሴቶን አመሰግናለሁ። ሆላንዶቹን አመሰግናለሁ። ፓንክረስትማ አፈሩም የእኛ ሆኗል፤ በ2009 ዓ.ም. አርፎ አዲስ አበባ ነው የተቀበረው። ነገር ግን ሌላ ሰው ሲመዝንልህ ሚዛኑም የእሱ ነው። የሚመርጠው ለእሱ ጆሮ የጣመውን ነው። የፈረንሳዩ ተርጓሚ የማይገባው ቅኔ፣ ለአሜሪካዊው ዲጄ የማይመች ዜማ ይቀራል። የትኛው ያምራል፣ የትኛው ይቆያል የሚለውን ቀስ በቀስ የሚወስንልን የሩቅ ሰው ይሆናል ማለት ነው።

መንግሥት ይሥራልን ልበል? ቢሠራ ጥሩ ነበር። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ወጥቷል፤ አዋጅ የለንም አይባልም። ነገር ግን አዋጁ ከወጣ በኋላም የድምፃዊው አልበም በወጣበት ቀን ማታ በፍላሽ ሲገለበጥ አይተናል። ገልባጩ ደግሞ ከሌላ አገር አልመጣም። «አንተ ጋ አለ? እስኪ ላክልኝ» የምንባባለው እኛው ነን። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ አሮጌ ቤቶች ሲፈርሱ ብዙዎቻችን አለቀስን። ደግ አደረግን። ግን ከመፍረሱ በፊት ከነዚያ ቤቶች ስንቱን ፎቶግራፍ አነሣን? ስንቱን ሠዓሊ ሣለው? ከዚያ ሰፈር ሽማግሌዎች ስንቱ «እዚህ ቤት ማን ዘፈነ? ማን ጨፈረ?» ተብሎ ተጠየቀ?

ራሳችን ስናቆይም አይተናል እኮ። መጋቢ ስብሐት... ይቅርታ፣ ብዙ ሰው አልጥራ፤ አንድ ሰው ይበቃኛል። ዓለሙ አጋ። በገና አሥር አውታር ያለው፣ በጾም ወራት የሚደረደር የጸሎት መሣሪያ ነው። ዓለሙ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት በገና ያስተምር ነበር። በደርግ ዘመን ትምህርቱ ተዘጋ። በቃ፣ ተዘግቷል ብሎ በገናውን ግድግዳ ላይ ቢሰቅለው ማን ይፈርድበት ነበር? እሱ ግን በግሉ ማስተማሩን ቀጠለ። አንዱ ለአንዱ፣ ያም ለሌላው። ዛሬ በዐቢይ ጾም ጊዜ በገና ተሸክመው በየመንገዱ የምታዩዋቸው ወጣት ሴቶችና ወንዶች ከሰማይ አልወረዱም። ይኼን ፈረንጅ አላቆየልንም። ፈቃድም አላቆየልንም።

ስለዚህ የምለምናችሁ ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ የወደዳችሁትን ክፈሉበት። አንድ ቢራ ስንት ነው? አንድ ዘፈን ከዚያ ያንሳል፤ ቢራው ደግሞ በማግሥቱ የለም። ሁለተኛ፣ ስም ጻፉ። ቤታችሁ ያለ ካሴት፣ ፎቶግራፍ፣ ሥዕል ጀርባ ላይ ማን እንደሠራው፣ መቼ እንደሠራው በእስክሪፕቶ ጻፉበት። ስም የሌለው ሥራ ወላጅ እንደሌለው ልጅ ነው፤ ማንም መጥቶ የእኔ ነው ይላል። ሦስተኛ፣ ጠይቁ። ሠፈራችሁ ውስጥ መሰንቆ ይመታ የነበረ፣ ቲያትር ይሠራ የነበረ፣ የገበጣን ሕግ የሚያውቅ ሽማግሌ ወይም አሮጊት አይጠፋም። ስልካችሁ ድምፅ ይቀዳል። ቅዳሜ ከሰዓት ኳስ ከመጀመሩ በፊት ሄዳችሁ አንድ ሰዓት ተቀመጡ። ባሕር ዳር ያንን ካሴት ያገኘው ሰው ከእናንተ የሚበልጠው በመጠየቁ ብቻ ነው።

እኔም የሰሞኑን ወዳጆቼን ነገርኳችሁ። አሁን ተራው የእናንተ ነው። ወጥታችሁ ቡና ስትጠጡ የምትወዱትን ተነጋገሩ። ከዚያ ግን አንዱ ይጻፈው።